ዳገቱን የወጣው ሣጥን

ጋሪው እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል። መቃብር ቆፋሪው ቀኝ እጁን በሣጥኑ ክዳን ላይ አሳርፎ ከኋላ ይከተላል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታልና በብረት ቀለበት የታሰሩት መንኮራኩሮች በየዐሥር እርምጃው ይሰጥማሉ። በሰጠሙ ቁጥር ነጂው በቅሎዋን ይሰድባል፤ ቆፋሪው በትከሻው ይገፋል፤ ከጋሪው ጎን የምትሄደው አሮጊት ልብስ አጣቢም ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

ሣጥኑ ርዝመቱ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ነው፤ ከጠንካራ እንጨት ተሠርቶ ዙሪያውን ሬንጅ ተቀብቷል። ዛሬ ጧት ከታችኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆፍሮ ያወጣው ይኸው ቆፋሪ ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እዚያው የቀበረውም እሱ ነበር።

በዚያች ከተማ አንዱ እግዚአብሔር ሁለት ቤት ነበረው። የላይኛው በጥርብ ድንጋይ የታነጸው የቀያዮቹ ነው፤ የታችኛው በጭቃ ጡብ የተሠራው የጥቁሮቹ። በአያቶች ዘመን ጥቁሮቹ የቀያዮቹ ባሮች ነበሩ፤ በላይኛው ቤተ ክርስቲያን ከበስተኋላ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ነፃ ሲወጡ መቀመጫ ጠየቁ። «ወንድሞቻችን፥ የራሳችሁ ቤት ቢኖራችሁ አይሻላችሁም?» የሚል ለዛ ያለው መልስ ተሰጣቸው፤ ወርደው የራሳቸውን ሠሩ። ሙታናቸውን ግን ከላይኛው ቅጥር ውጭ ባለው ተዳፋት መሬት መቅበራቸውን ቀጠሉ፤ የሚቀበሩበት ሌላ መሬት አልነበራቸውምና።

«አያ አካፋ!» አለ ነጂው ዞር ብሎ። መቃብር ቆፋሪውን ቀይም ሆነ ጥቁር የሚጠራው በዚህ ቅጽል ነው። «እነዚህ ሰዎች እንዴት ያለ አጥንት ነው የነበራቸው? ይንኳኳል እኮ!»

«መንገዱ ነው።»

«መንገዱማ ከታች ነው። እኔ የምሰማው ከሣጥኑ ነው። ሃያ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፤ እህል እንዴት እንደሚንሿሿ፥ ጡብ እንዴት እንደሚንጋጋ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ እለያለሁ። ይኼ የጡብ ዘመድ ነው።»

«አንተ ልጅ፥ አፍህን ዝጋ!» አለች አጣቢዋ። «ሙታን ፊት እንዲህ ይወራል?»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ፤ በቅሎዋን ነው የማጫውታት። ዝም ካልኳት ትቆማለች።»

አጣቢዋ በብብቷ አንድ ጥቅል ይዛለች። ጭቃ እንዳይነካው በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ፥ የላይኛው ቤተ ክርስቲያን የመሠዊያ ልብስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እሷው አጥባዋለች። ሰኞ በኋላ በር ትቀበላለች፤ ዓርብ በኋላ በር ትመልሳለች፤ የተዘረጋበትን መሠዊያ ግን አንድም ቀን አላየችውም። ዛሬ ታየዋለች። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ አንድ ይሆናሉ፤ ለምልክትም ይህ ሣጥን በቅጥሩ ውስጥ በክብር ያርፋል። ከማረፉ በፊት ይከፈታል፤ ከላይኛው አንዲት ሴት ከታችኛው አንዲት ሴት ሆነው አጥንቱን በመሠዊያው ልብስ ይጠቀልሉታል። ከታችኛው የተመረጠችው እሷ ናት፤ በሣጥኑ ውስጥ ካሉት አርባ ሦስት ሙታን አንዷ በሦስት ዓመቷ በትክትክ የሞተች ልጇ ናትና።

«ወንድሜ» አለችው ቆፋሪውን፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አጥንቱን የሰበሰብከው አንተ ነበርክ አይደል?»

«አዎ፥ እትዬ።»

«የትንንሾቹን ለብቻ አድርገህ ነበር? ስከፍተው እንዳልደናገጥ ብዬ ነው።»

ቆፋሪው ጥቂት ተራመደ። «ጊዜው ሩቅ ነው፤ ልብ አላልኩም» አለ።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች፥ ለእሱ አዝና።

በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁለት ብቻ ያውቃሉ። የያኔው የማኅበሩ ሰብሳቢ የላይኛውን መካነ መቃብር ሊያሰፋ በወደደ ጊዜ ቅጥሩን ወደ ውጭ ገፍቶ የጥቁሮቹን መቃብር ወደ ውስጥ አስገባው። የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ የነበረው ቆፋሪ የእንጨት መስቀሎቹን እንዲነቅል ታዘዘ፤ ነቀለ። መሬቱን እንዲደለድል ታዘዘ፤ ደለደለ። ሙታኑን ግን አንሣ ያለው አልነበረም። የታችኛው ሕዝብ ሲያጉረመርም ሰብሳቢው ሣጥን አሠራና «ሙላው» አለው። በምን እንደሚሞላው ቆፋሪው አልጠየቀም፤ ከቅጥሩ ግንባታ የተረፈው ድንጋይ እዚያው ተከምሮ ነበር። ሣጥኑ በዘጠኝ ሚስማር ተመቶ «የሙታናችሁ አጥንት» ተብሎ ወደ ታች ወረደ፤ በዝማሬ ተቀበሉት። ሠላሳ አንድ ዓመትም አበባ አኖሩበት።

አድራጊ ምክንያት አያጣም፤ የታዘዘ ሰው ግን ከትእዛዙ በቀር የሚጠለልበት የለውም፤ ትእዛዝም ጣሪያው ያፈሳል። ቆፋሪው ዕድሜውን ሁሉ በዚህ ጣሪያ ሥር ኖሯል። ያን ሰብሳቢም የቀበረው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ ሣጥኑን የተቀበሉት ደግሞ የዚያ ሰው ልጅ፥ የአሁኑ ሰብሳቢ ናቸው።

ከበሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ረጅም፥ ቀጭን፥ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፥ የኪስ ሰዓታቸውን ሰንሰለት በጣታቸው የሚያፍተለትሉ ሰው። ለአጣቢዋ ባርኔጣቸውን አነሡ። ከሰባት ዓመት በፊት ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ከተማው ሳምንት ሙሉ ያወራው ነበር።

«እናቴ፥ እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፥ ሁሉም ይጠብቅዎታል።» ከዚያ ወደ ቆፋሪው ዞሩ። «አካፋ፥ አንድ ጊዜ ወዲህ።»

ወደ መሣሪያ ቤቱ ገቡ። ዶማዎችና ገመዶች በተሰቀሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል» አሉ።

«እንደሚያውቁ አላወቅሁም፥ ጌታዬ።»

«ሣጥኑን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። ወጣቱ ቄሳችን በጉባኤ መካከል ብድግ ብሎ ‹አጥንታቸውን እናምጣ!› አለ። ሁሉም አጨበጨበ፤ የታችኞቹ አለቀሱ። ምን ልበል? ተነሥቼ ‹ተዉት፥ ድንጋይ ነው› ልበል?»

«ማለት ይችሉ ነበር፥ ጌታዬ።»

«አንተስ?»

ቆፋሪው የተሰቀለውን ገመድ ያስተካክል ጀመር። ሰብሳቢውም መልስ የሚጠብቁ አልመሰሉም።

«ሰባት ዓመት!» አሉ። «ወንድሜ ደጄን ከረገጠ አራት ዓመቱ። መስኮቴን ሰብረውታል። የሚስቴ ዘመዶች ‹የጥቁሮቹ ጠበቃ› ይሉኛል። ይህን ሁሉ የቻልኩት ዛሬን ለማየት ነው፤ ሁለቱ ሕዝብ አንድ ማዕድ ሲቀርቡ ለማየት። ያ ሣጥን ከተከፈተ ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት እንጠብቃለን። እውነቱ ይነገራቸዋል፤ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንድ ከሆንን በኋላ፥ ቀስ ብለን፥ በወንድማማችነት።»

«እስከዚያውስ?»

«ግርጌው በስብሷል፥ ቢከፈት ይፈርሳል በል። አንተ ካልክ ያምኑሃል።»

ከሁሉም የመጨረሻው ቃል ወጋው። ያምኑታል፤ እውነት ነው። ድሮም ያመኑት ስለዚህ ነበር።

«እሺ፥ ጌታዬ» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተለማመደው ቃል ነውና ሳያስበው ወጣ።

ጥፋቱ ከክፋት ብቻ የመጣ ነበር ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ግን ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ሁለቱ ማኅበራት ሰባት ዓመት ሙሉ የቃለ ጉባኤ ወረቀት ሲያከማቹ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፥ የማን መዝሙር እንደሚቀድም፥ መቀመጫው እንዴት እንደሚደለደል ተከራክረው ጨርሰዋል። እንባም ነበረ፥ መተቃቀፍም ነበረ። ይሁንና ከመካከላቸው አንድም ሰው ወደ መሣሪያ ቤቱ ጎራ ብሎ ለመሆኑ ያን ጊዜ ምን ሆነ ብሎ ቆፋሪውን አልጠየቀውም። በደልን ሳይመረምር ይቅር ለመባባል የሚቸኩል ጉባኤ ቁስሉን ሳያጥብ የሚጠቀልል ሐኪም ነው።

ሕዝቡ በአዲሱ መካነ መቃብር ተሰብስቧል። «አዲሱ» የሚባለው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በቅጥሩ የተካተተው ተዳፋት ነው። ሁለቱ ወገን ተደባልቆ እንዲቆም ተወስኖ ነበር፤ እግር ግን የለመደውን ያውቃልና ቀያዮቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ጥቁሮቹ ወደ በሩ ተሰብስበው መካከሉ ባዶ ቀርቷል። በባዶው ቦታ ላይ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ አጠገብ የቀድሞው ሰብሳቢ ያረፉበትን መቃብር አልፎ ዙሪያውን የሸፈነ ሰፊ የእብነ በረድ ድንጋይ ተነጥፏል።

የታችኛው ቄስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፥ ደረታቸው የሚያስቸግራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከዳገቱ ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም። ወጣቱ ቄስ ግን ከማለዳ ጀምሮ አልተቀመጠም። ፊቱ በደስታ ያበራል።

«እናታችን፥ ይቅረቡ» አለ አጣቢዋን። የመድኃኒት ቀማሚው ባለቤትም ከላይኛው ወገን ወጣች፤ ቆማ አሰበችና የእጅ ጓንቷን አወለቀች። አጣቢዋ የሰም ጨርቁን ፈታ የመሠዊያውን ልብስ ዘረጋች። እንደ ወተት ነጭ ነበር።

«ክፈተው» አለ ወጣቱ ቄስ።

ቆፋሪው የብረት መፈልቀቂያውን እንደያዘ ቆመ። ሰብሳቢው መሬት መሬት ያያሉ።

«ግርጌው በስብሷል፥ አባ» አለ። «ቢከፈት ይፈርሳል። ባይነካ ይሻላል።»

ሕዝቡ ተነፈሰ። ወጣቱ ቄስ ግራ ተጋብቶ ወደ ሰብሳቢው ተመለከተ። ሰብሳቢው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «እንግዲያው ልብሱን ከላይ እናልብሰው» አለ ቄሱ፤ የመጣለትም ያ ብቻ ነበር።

«ግድ የለም፥ ልጄ» አለች አጣቢዋ። ልብሱን በሣጥኑ ላይ አለበሰችው፤ የተጨማደደውን በመዳፏ አቃናች፥ ልክ በተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደምታስተካክል እናት። ከዚያ ወደ ቆፋሪው መጣች።

«ወንድሜ፥ ይህን ሳልነግርህ ብሞት ይቆጨኝ ነበር። ያን ጊዜ በሩን ዘግተውብን አጥንቱ ሲለቀም እንዳናይ ከለከሉን። እኔ እዚያ ውጭ ቆሜ ምን እል ነበር መሰለህ? ‹ማነው የኔን ልጅ የሚያነሣት? ሲያነሣት ያመናጭቃት ይሆን?› እል ነበር። ኋላ አንተ እንደሆንክ ሰማሁ። ሲቀብሯትም ጉድጓዷን የቆፈርክላት አንተ ነበርክ፤ ቀስ ብለህ ነበር ያወረድካት፥ አልረሳሁትም። ‹እንግዲያስ ደህና እጅ ገብታለች› ብዬ ያን ቀን ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ስተኛ የኖርኩት በዚህ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ያዘችው።

ፍም እንደነካው ሰው እጁን ነጠቃት። «ይተዉ፥ እትዬ! ይተዉ!»

«ምነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ምኑ?»

«ሣጥኑ። ድንጋይ ነው ያለው። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ቆፋሪው የመሠዊያውን ልብስ አንሥቶ ለቀማሚው ባለቤት አቀበላትና መፈልቀቂያውን በክዳኑ ሥር ሰደደ። ዘጠኙ ሚስማሮች አንድ በአንድ እያንቋረሩ ወጡ። የቅጥር ድንጋይ ነበር፤ በአንዳንዱ ላይ ኖራው ገና አልለቀቀም።

«እኔ ብዬ ነበር!» አለ ጋሪ ነጂው ከበሩ በኩል፤ የሳቀበት ግን አልነበረም፥ እሱም ራሱ አልሳቀም።

አጣቢዋ ወደ ሣጥኑ አየች። አንዱን ድንጋይ አንሥታ አገላበጠችና መልሳ አኖረችው። አላለቀሰችም። ወደ ቆፋሪው ስትዞር ግን «ወንድሜ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቶ ነበር።

«አንተ ሰው፥ ልጄ የት ናት?»

«አልተነሡም። አንዳቸውም አልተነሡም። እዚሁ ናቸው፤ በቆማችሁበት ሥር ናቸው።»

ሁለት መቶ ሰው ወደ እግሩ አየ። በሩ አጠገብ የቆሙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ያም መሬት ከዚያው እንደሆነ ሲገባቸው የት እንደሚረግጡ ጠፋቸው።

ከዚያ ጩኸት ሆነ። «እንሂድ!» ይላል አንዱ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! አላልኳችሁም? ከእነዚህ ጋር እርቅ የለም ብዬ አልለመንኳችሁም?» ከላይኛውም ወገን፥ «የሞተ ሰው ጥፋት በኛ ለምን ይላከካል? እኛ ምን አደረግን?» የሚሉ አልጠፉም። የታችኛው ሕዝብ ወደ በሩ መፍሰስ ጀመረ።

የታችኛው ቄስ በጋሪው መሳቢያ እንጨት ላይ ተቀመጡ። ሊናገሩ ሲሞክሩ ሳል ያዛቸው፤ የሚሄዱት ሰዎች ስለ ሳሉ ብለው ቆሙ።

«እኔም መሄድ አምሮኛል» አሉ በመጨረሻ። «ደክሞኛል፥ ልጆቼ። ይህን ዳገት ሰባት ዓመት ወጥቼ ወርጃለሁ፤ በየጊዜው ‹ትንሽ ቀረን› ይሉኛል። እናንተም ደክሟችኋል፥ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ከሄድን ማንን ጥለን ነው የምንሄደው? አንድ ጊዜ በር ተዘግቶብን ትተናቸው ሄድን። ዛሬ በሩ ክፍት ነው።» ወደ ወጣቱ ቄስ ዞሩ። «ልጄ፥ ማዕዱን ሸፍነው። ዛሬ አይሆንም። ማዕድ አይሸሽም፤ እነዚህ ግን እስከ ዛሬ አልተፈለጉም።»

ወጣቱ ቄስ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ቆፋሪው ከመሣሪያ ቤቱ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ ተመለሰ። የሙያው መሣሪያ ነው። አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ዘንጉን ወደ መሬት ይሰዳል፤ ያልተነካ አፈር ዘንጉን ይመልሰዋል፥ አንድ ጊዜ የተቆፈረ መሬት ግን መቶ ዓመት ቢያልፈውም ልል ሆኖ ይቀበለዋል። ፍለጋውን ግን በዘንግ አልጀመረም። ቀድሞ ለነበረው፥ አሁን ጉቶው ብቻ ለቀረው ትልቅ ዛፍ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና እርምጃውን ይቆጥር ጀመር። ያን ጊዜ ለጥቁሮቹ ካርታ የሚያነሣ አልነበረምና ቆፋሪው ረድፉን በእግሩ ይይዝ ነበር፤ መስቀሎቹን ሲነቅልም እግሩ አልረሳውም። መርሳት ፈልጎ አልሆነለትም ቢባል ይቀርባል።

ዐሥራ ሁለት ተራመደ፤ ወደ ግራ ሰባት። ከእብነ በረዱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ዘንጉን ከጠርዙ ሥር ወደ ውስጥ አጋድሞ ሰደደው። ያለ ድምፅ ገባ።

«የትንንሾቹ ረድፍ ከዚህ ይጀምራል» አለ። «ከድንጋዩ ሥር ናት።»

ሰዎች ሁሉ ወደ ሰብሳቢው አዩ።

«እሱ የአባቴ ድንጋይ ነው» አሉ ሰብሳቢው። ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር።

«ከሥሩ ያለችው የኔ ልጅ ናት» አለች አጣቢዋ።

አልጮኸችም። ሰብሳቢው በጣታቸው የሚያፍተለትሉት ሰንሰለት ቆመ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፥ የሚያስቀምጡበት ያጡ ይመስል፥ በእጃቸው እንደያዙ ወደ ባዶው መካከል መጡ።

«ስሙኝ» አሉ። «አካፋ ‹በስብሷል› ያለው እኔ አዝዤው ነው። ሣጥኑ ድንጋይ እንደሆነ ዐውቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዐውቄያለሁ። ለእርቁ ስል ነው የደበቅሁት፥ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።» ወደ እብነ በረዱ ዞሩ። «ድንጋዩን አንሡት።»

ከላይኛው ወገን ብዙዎች ያኔ ሄዱ። የሰብሳቢው የአጎት ልጅ እያለፈ «አባትህን አዋረድህ» አላቸው፤ መልስ አልሰጡም። የቀሩት ከሠላሳ አይበልጡም፤ ከእነሱም መካከል የቀማሚው ባለቤት ነበረች፥ የመሠዊያውን ልብስ በሁለት ክንዷ እንደታቀፈች። የቀሩት ሁሉ ጻድቃን ስለነበሩ ቀሩ ማለት አይቻልም። አንዳንዱ አፍሮ ነው የቀረው፤ አንዳንዱ ነገሩን ለማየት፤ አንዳንዱ ደግሞ ለመሄድ የሚያበቃ ጉልበት አጥቶ። ስምንት ሰው እብነ በረዱን በገመድና በእንጨት አነሣው። ማን ከየትኛው ወገን ይሁን ብሎ ያደላደለ የለም፤ ትከሻ ያለው ተጠጋ። ጋሪ ነጂው ከሰብሳቢው አጠገብ ሆኖ ሲስብ፥ «በጉልበት ይሳቡ እንጂ ጌታው፤ በቅሎዬ እንኳ ከእርስዎ ትሻላለች» አላቸው፤ ሰብሳቢውም የበለጠ ሳቡ። ድንጋዩን ወስደው በቅጥሩ ላይ አስደገፉት።

ካፊያ መጣል ጀመረ። ወጣቱ ቄስ የላይኛውን ቤተ ክርስቲያን የሙታን መዝገብ አምጥቶ በሣጥኑ ክዳን ላይ ዘረጋው። በቆዳ የተጠረዘ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙን፥ ዕድሜውን፥ የሞተበትን ቀንና የቀበረውን ሰው የሚያስገቡበት ዐምድ አለው። የጥቁር ሰው ስም ተጽፎበት አያውቅም። ሰብሳቢው ካፖርታቸውን ከፍተው የቀለሙን ብልቃጥ ከዝናቡ ከለሉለት። ሌላ ሥራ የሰጣቸው አልነበረም።

ቆፋሪው በልጅቷ መቃብር ራስጌ አንድ ችካል ተክሎ ሲያበቃ አጣቢዋ ፊት በጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ፥ ስለ እግዚአብሔር ብለው...»

«ተነሥ» አለችው። «ገና አርባ ሁለት ይቀሩሃል።»

ተነሣ።

ከጉድጓዱ እስከ በሩ ድረስ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ እናት የቀበሩ፥ ባል የቀበሩ፥ አያታቸውን በስም ብቻ የሚያውቁ። የታችኛው ቄስ ከጋሪው ሳይነሡ ተራውን ያስይዛሉ። አጣቢዋ ፊተኛ ነበረች። የልጇን ስም ተናገረች። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቅጥር ውስጥ ያልተሰማ ስም ነውና ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። ወጣቱ ቄስ ጻፈ።

«ዕድሜ?»

«ሦስት ዓመት ከአራት ወር።»

ቀኑንም ነገረችው፤ አልተሳሳተችም። ብዕሩ ወደ መጨረሻው ዐምድ አለፈ።

«ቀባሪ?» አለ ቄሱ፥ ከልማድ፤ ከጠየቀ በኋላ ግን ደነገጠ።

አጣቢዋ በእጇ አመለከተች። ቆፋሪው ሁለተኛውን ረድፍ ለመጀመር ከጉቶው ዘንድ ቆሞ እርምጃውን እየቆጠረ ነበር።

«እሱ ነው» አለች። «ሁለት ጊዜ።»

ቄሱ ቀና ብሎ አያት። ብዕሩ በእጁ ቆየ፥ ቀለሙ ሊደርቅ ሆነ። ሰብሳቢው ብልቃጡን ወደ እሱ አስጠጉለት።

«እንዳለችው ጻፍ» አሉ።